ወላጅ ይዘሽ ነይ

ይህን የምጽፈው ሰው ለማስፈራራት አይደለም። ካሳነሽን አውቃታለሁ። ውሸት አይሆንላትም፤ ልዋሽ ብትል እንኳ ጆሮዋ ቀልቶ ያጋልጣታል።

ይህን ስትነግረኝ ጆሮዋ አልቀላም። ታለቅስ ነበር።

የሆነው በሰኔ 2015 ዓ.ም. ነው። ሐሙስ፣ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ከሃያ።

ጨለማ አልነበረም... ጉም ብቻ ነበር።

ቦታው ከእንጅባራ በባጃጅ ሄደህ፣ የቀረውን በእግርህ የምትዘልቀው፣ ሐይቅ ዳር ያለ አንድ ትምህርት ቤት ነው። ስሙን አልጽፍም። ዛሬም ልጆች ይማሩበታል።

ካሳነሽ እዚያው ተምራ እዚያው መምህርት ሆናለች። በዚያ ዓመት የተሰጣት ሦስተኛ ክፍል ነበር። ትምህርት ቤቱም ሃምሳ ዓመት ሊሞላው ስለነበር አሳምነው የሚባለው ርዕሰ መምህር፣ "ታሪኩን አንቺ ጻፊው፤ የአገሩ ልጅ ነሽ" አላት።

እሷም አሮጌዎቹን ስም መጥሪያዎች ከካርቶን አውጥታ ማገላበጥ ጀመረች።

አሳምነው ለቦታው አዲስ ነው። አንድ ቀን ከኋላዋ ቆሞ ሲያይ ሳቁ መጣ።

"ይቺ ሸጋ የምትባለው ልጅ ከ1973 ጀምሮ ሦስተኛ ክፍል ናት እንዴ? አርባ ሁለት ዓመት! ደግሞ አንድ ቀን እንኳ አልቀረችም።"

ካሳነሽ አልሳቀችም።

"እህቴ ናት" አለችው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በ1973 መምህር ይርሳው የሰሌዳ ማጥቆሪያ ከሰል የሚበጠብጥበት ውሃ ፈልጎ ሸጋን ጣሳ አስይዞ ወደ ሐይቁ ላካት። ዘጠኝ ዓመቷ ነበር።

ጣሳው ተገኘ... ልጅቷ አልተገኘችም።

እናቷ እታለማሁ መምህሩ እግር ላይ ወደቀች። "ሬሳዋን ሳላይ ስሟን እንዳትሰርዝብኝ!"

እሱም ጸጸቱ እንቅልፍ ነስቶት ነበርና አልሰረዘም። በየጠዋቱ መጨረሻ ላይ ስሟን ይጠራል። ክፍሉ ለአንድ ትንፋሽ ያህል ጸጥ ይላል። ከዚያ "አለች" ብሎ ይጽፋል። ሲዛወር ለተተኪው አደራ ብሎ ሄደ፤ ተተኪውም ለተተኪው... እንዲህ እያለ የትምህርት ቤቱ ልማድ ሆኖ ቀረ።

ካሳነሽ የተወለደችው ከዚያ በኋላ ነው። ለጠፋችው ካሳ እንድትሆን። ግን የሞተ ልጅ አንገቱ ረጅም ነው ይባል የለ? እናቷ ለሸጋ ተዝካር አላወጣችም፤ "አለች እየተባለች?" ትላለች። ጥቁሯን አላወለቀችም። ወደዚያ ትምህርት ቤትም አንድ ቀን ድርሽ ብላ አታውቅም።

ከካርቶኑ ውስጥ ካሳነሽ የራሷንም ወረቀት አገኘች። 1986 ዓ.ም.፣ ሦስተኛ ክፍል።

"ተማሪ ካሳነሽ ሦስት ቀን ስለቀረች ወላጅ ታምጣ።"

የወላጅ ፊርማ የሚለው ቦታ ባዶ ነው።

ያኔ እናቷን ለምናት ነበር። እምቢ አለቻት። ካሳነሽ አንድ ሳምንት ሙሉ ከክፍሉ በር ውጭ ቆማ ከረመች፤ በኋላ መምህሩ አዝኖላት አስገባት።

"ለእኔ አንድ ቀን አልመጣችም" አለችኝ፤ በሠላሳ ዘጠኝ ዓመቷ እንደ ልጅ እያለቀሰች።

እናቷ አሁን ሰባ ደፍናለች። ወገቧ ከተሰበረ ወዲህ ዓመት ሙሉ ከአልጋ አልወረደችም። ካሳነሽ የተመኘችው አንድ ነገር ነው፤ እናቷ ሳትሞት ለሸጋ ተዝካር አውጥታ፣ ዓይኗን በሕይወት ወዳለችው ልጅ እንድትመልስ።

ለዚህ ደግሞ ስሙ መሰረዝ አለበት።

ደንቡ ቀላል ነው። ሦስት ቀን የቀረ ተማሪ ወላጅ ያመጣል። ካላመጣ ይሰረዛል።

ሰኞ ጠዋት መጨረሻ ላይ "ሸጋ" ብላ ጠራች። ክፍሉ ጸጥ አለ።

"ቀሪ" ብላ ጻፈች።

የገጹ ጥግ እርጥብ ነበር።

ማክሰኞም "ቀሪ"። ማንም የማይቀመጥበት የኋላው ዴስክ ላይ ውሃ ተኝቶ አየች።

"ማነው ውሃ የደፋው?"

"ማንም፣ ቲቸር..."

ጣሪያው አያፈስም። ሌሊቱንም አልዘነበም።

ረቡዕም "ቀሪ"። የክፍል አለቃዋ እንደወትሮው የቀሪዎችን ወረቀት ሞልታ ጠረጴዛው ላይ አኖረች። አምስት ናቸው። ወላጅ ያምጣ... ወላጅ ታምጣ... ካሳነሽ ሳታነብ ፈረመችባቸው።

የሸጋ ከመሃል ነበር።

ስህተቷ ይህች ብቻ ናት። ወላጅ ሳታስጠራ ዝም ብላ ብትሰርዛት ኖሮ... እንጃ።

ቤት ስትመለስ እናቷ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ታለቅሳለች።

"እማ፣ አመመሽ?"

"ሸጋ ምን አጠፋች?"

"...ምን አልሽ?"

"እያለቀሰች መጣች። ወላጅ ካላመጣሽ አትገቢም ብለዋታል።"

ካሳነሽ ለእናቷ ትንፍሽ አላለችም ነበር። ለማንም አልተናገረችም።

"ነገ እሄድላታለሁ" አለች እናቷ፤ በቀስታ።

ካሳነሽ ፈራች። ግን ከፍርሃቱ ይልቅ ያንገበገባት "እሄድላታለሁ" የምትለዋ ቃል ናት።

ሐሙስ ጎረቤታቸውን ይመኙሽን ከእናቷ ጋር ትታ ወጣች። ጉሙ ከሐይቁ ተነሥቶ ግቢውን ሞልቶታል። የባንዲራው እንጨት እንኳ አይታይም።

ሁለት ሰዓት ከሃያ። ስም እየጠራች መጨረሻው ላይ ደረሰች።

ሸጋን ዘለለቻት።

በሩ ተንኳኳ።

አጠገቡ የተቀመጠችው ተማሪ ከፍታ አየች። ከዚያ ዞረች።

"ቲቸር... ወላጅ መጥቷል።"

ካሳነሽ ወደ በረንዳው ወጣች።

እናቷ ቆማለች።

በባዶ እግሯ። እስከ ቁርጭምጭሚቷ ጭቃ።

"እማ! ማን አመጣሽ?"

"ይቺው ናታ።"

እናቷ ወደ ጎኗ ዝቅ ብላ አየች። ግራ እጇ የትንሽ ልጅ እጅ እንደያዘ ጨበጥ ብሏል።

ከጎኗ ማንም የለም።

ሲሚንቶው ላይ ግን ውሃ ይንጠባጠባል... ጠብ... ጠብ...

"የት ልፈርም?"

"እማ... ቆይ፣ ወንበር ላምጣልሽ..."

"ቸኩለናል፣ ልጄ።"

ልጄ ብላት አታውቅም ነበር።

ካሳነሽ ወንበር ይዛ ስትወጣ በረንዳው ባዶ ነው። ጭቃው ላይ ሁለት ሰው የሄደበት ዱካ አለ። አንዱ ትልቅ፣ አንዱ ትንሽ። ጎን ለጎን ወደ ሐይቁ ይወርዳል።

ስልኳ ጮኸ።

"ካሱ..." ይመኙሽ ናት። "ስደውል ስደውል ኔትወርክ የለም ይለኛል። እናትሽ... አረፉ።"

"መቼ?"

"አንቺ እንደወጣሽ። እጄ ላይ።"

እየሮጠች ቤት ደረሰች። እናቷ አልጋዋ ላይ ናት። ይመኙሽ ልትገንዛት ቀርባ ቆማ ቀርታለች።

"ካሱ፣ ከአልጋ ሳይወርዱ ይሄ ጭቃ ከየት መጣ?" አለች በሹክሹክታ። "ደግሞ ጣታቸውን እይው..."

የቀኝ አውራ ጣቷ ሐምራዊ ነበር። መጻፍ የማይችል ወላጅ የሚፈርምበት፣ አሳምነው ቢሮ ውስጥ ያለው የማኅተም ቀለም።

የዚያን ቀን ቄሱ በፍትሐቱ የሁለት ሰው ስም ጠሩ። ካሳነሽ ናት የለመነቻቸው። ሸጋ ከአርባ ሁለት ዓመት በኋላ ተለቀሰላት።

በሳምንቱ ትምህርት ቤት ተመለሰች። የሸጋ ወረቀት ስም መጥሪያው ውስጥ ነበር። የወላጅ ፊርማ በሚለው ቦታ ሐምራዊ አሻራ አርፎበታል። ይህንስ ጠብቃው ነበር።

ቀጥሎ ካርቶኑን ከፈተች። ለምን እንደከፈተችው ዛሬም አታውቅም።

የራሷን ወረቀት አወጣች። 1986 ዓ.ም.፣ ሦስተኛ ክፍል። ወላጅ ታምጣ።

ባዶው ቦታ ባዶ አልነበረም።

ሐምራዊ አሻራ። ስትነካው ጣቷን ቀባት።

"ለእኔም መጥታለች" አለችኝ። ወረቀቱን ከቦርሳዋ አውጥታ እጄ ላይ አኖረችው።

አየሁት። የእናቷ አሻራ አለ።

ከእሱ ጎን ደግሞ ሌላ አለ... ትንሽ፣ የልጅ አውራ ጣት።

ወረቀቱን ስመልስላት እጄ ረጥቦ ነበር።