ዘፈን የሚያውቀው ዳማ

ይህ ነገር በሰባ ብር የገዛሁትን አንድ ዳማ ፈረስ አስከፍሎኛል። እኔ ደግሞ፣ እመኑኝ፣ እንዲህ ያለ ወሬ ሲወራ ከሚስቁት ወገን ነኝ፤ የጠንቋይ ደጅ የረገጥኩት አንዴ ጨው ልሸጥ ብቻ ነው፣ እሱም ዋጋው በማግስቱ እንደሚወድቅ ሳያውቅ በውድ ገዛኝ።

ያኔ ጣሊያን ከወጣ ሃያ ዓመት ያህል ሆኖት ነበር። ፈረሱን ዳንግላ ገበያ ስገዛ ጥርሱን አየሁ፣ ስድስት ዓመት ቢሞላው ነው፣ የግራ ጆሮው ጫፍ ስንጥቅ አለው፣ በእሷም አምስት ብር አስቀነስኩ። ሻጩ ሽማግሌ፣ «ከእናቱ ሆድ እንዲሁ ሆኖ ነው የወጣ፣ እኔው ቤት ተወልዶ እኔው ቤት አደገ» አለኝ። ቡሬ ላይ አንድ ሀብታም እንዲህ ያለ ዳማ አምጣልኝ ብሎኝ ስለነበር ያለኝን ገንዘብ በሙሉ አፈሰስኩበት፣ የቀረኝ አንድ ከረጢት ጨው ነው፤ ፈረሱ ካመለጠኝ ንግዴ አለቀ ማለት ነው።

ቆሰበር አድሬ፣ ጥርባ አካባቢ ስደርስ፣ ገና በእኩለ ቀን፣ ጉም ወረደና ፈረሱ ቆመ። ጎተትኩ፣ ለመንኩ፣ ዘሩን ሰደብኩ፣ ንቅንቅ የለም። ደክሞኝ ድንጋይ ላይ ቁጭ ስል አባቴ ያንጎራጉራት የነበረች የድሮ የፍቅር ዘፈን አፌ ላይ መጣች፦

ፈረሴን አሰርኩት ከደጅሽ ኮሶ ላይ፣

ሁለተኛዋን ስንኝ አባቴም አያውቃት፣ እኔም አላውቃት። ፈረሱ ግን ጆሮውን አቁሞ ተራመደ። ዝም ስል ይቆማል፣ ስዘፍን ይሄዳል። መጀመሪያ ያሰብኩት ምን መሰላችሁ፣ ዋጋው ላይ አሥር ብር መጨመር። ከዚያ ግን መንገዱን ለቆ በቀርከሃው መሀል ቁልቁል ገባ፣ ጎታች የነበርኩት ተጎታች ሆንኩ፣ አንዲት ጎጆ ደጅ ካለ ኮሶ ሥር ሲደርስ አንገቱን ዝቅ አድርጎ ቆመ፣ እሰሩኝ እንደሚል።

ከጎጆዋ ውስጥ የሴት ድምፅ፣ ቀስ ብሎ፣ የቀረውን ሞላው፦

እሱን እፈታለሁ፣ ልቤ ይፈታል ወይ።

አንዲት ሸበቶ ሴት ወጡ፣ እኔን ከቁም ነገር አልቆጠሩኝም፣ ፈረሱን ከኮሶው አስረው በአገውኛ አዋሩት፤ የእኔ አገውኛ ለገበያ የምትበቃ ናትና ገባኝ። «ብቻህን መጣህ? ጌታህን የት ጣልከው?» ነው የሚሉት።

«እናቴ፣ ፈረሱ የእኔ ነው፣ ከዳንግላ ገዝቼው ነው» አልኳቸው።

«ይህችን ጆሮ ሣር ሳጭድ በማጭድ የነካኋት እኔ ነኝ። ጣሊያን ሲገባ ጌታው ይዞት ዘመተ፣ ሁለቱም አልተመለሱም።»

«እሱማ ሃያ አምስት ዓመት አለፈው። ይሄ የስድስት ዓመት ነው፣ ጥርሱን ይዩት።»

«አንተ ነጋዴ ነህ፣ ጥርስ እይ» አሉኝ ፈገግ ብለው። «ለመሆኑ ዘፈኑን ከማን ሰማኸው?»

«ከአባቴ።»

«እሱስ?»

«እንጃ።»

«ታዲያ ፈረሱም ከማን እንደ ሰማው እንጃ ነዋ።»

ገመዱን ፈታሁ፣ ጎተትኩ፣ ዘፈንኩ። አልሄደም። ሴትዮዋ ሰባ ብር የላቸውም፣ እንዳላቸውም አላስመሰሉም፣ አልለመኑኝምም። ቢለምኑኝ እንቢ እል ነበር፣ እንቢታዬን አዘጋጅቼ ነበር እኮ። መልሼ አሰርኩትና ትቼው ሄድኩ፣ እንደ ሞኝ፣ ደስ ብሎኝ።

ንግዴም አላለቀም። በየጠጅ ቤቱ አዲስ ዘፈን በየወሩ ይመጣል፣ በየወሩ ይረሳል፤ ያቺን ዘፈን ሙሉዋን ጨዌ አጠገብ ቁጭ ብዬ ሳንጎራጉር ግን ሽማግሌና አሮጊቱ ይቆማል፣ አንዳንዱ ዓይኑን ይጠርጋል፣ ከቆመ አይቀርም ጨው ይገዛል። የዳንግላውን ሽማግሌ አግኝቼ ፈረሱ ዘፈኑን ከየት ሰማው ብዬ ብጠይቀው፣ «እኔ ቤት ዘፈን ተዘፍኖ አያውቅም፣ ሚስቴ የቄስ ልጅ ናት» አለኝ።

በሁለተኛው ዓመት ሴትዮዋ ማረፋቸውን ሰምቼ ፈረሱን ልወስድ ሄድኩ። ጎረቤቶቻቸው እስከ ቀብሩ ዋዜማ ድረስ አይተውታል፣ ከዚያ ወዲህ ዱካውን ያየ የለም። ገመዱ ከኮሶው ጋር እንደ ታሰረ ነው፣ አልተበጠሰም፣ የአንገቱም ቋጠሮ አልተፈታም፤ ገመዱን ፈትቼ ይዤው ተመለስኩ። አሁንም ጉም በወረደ ቀን መንገድ ላይ ያቺን ዘፈን ስጀምር ከኋላዬ ኮቴ ይሰማኛል፣ ዝም ስል ዝም ይላል፣ ዞሬ ግን አይቼ አላውቅም።

ሂሳቡ፦ የወጣ ሰባ ብር፣ በእጅ ያለ አንድ ገመድ።