የማዕበሉ ገንዳ

መሐንዲስ ገብረማርያም የሞተው ጉልበት በማይደርስ ውሃ ውስጥ ነው። ሬሳው ጣና ዳር፣ የጉማራ ወንዝ ወደ ሐይቁ በሚገባበት አጠገብ በደረቱ ተደፍቶ ተገኘ፤ ከጎኑ የዓሣ አጥማጁ የአበረ የደንገል ታንኳ ተገልብጧል። ለገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር ለቢሻው ይህ ከበቂ በላይ ነበር። አበረን በገመድ አስሮ ለወረታ ፖሊስ መልእክት ላከ።

መቶ አለቃ አንለይ ረፋድ ላይ ደረሰ። ችኩል ሰው አይደለም፤ አለቆቹም የማይወዱት በዚሁ ነው።

«ከደብረ ታቦር መኪና እየመጣ ነው» አለው ቢሻው። «የአብዮቱን መሐንዲስ የገደለ ፀረ አብዮት ነው። ዛሬውኑ ይወስዱታል።»

በዚያ ዘመን በዚያ መኪና ተጭኖ የሄደ ሰው እንደማይመለስ ሕፃን እንኳ ያውቃል። የአበረ ሚስት ወለተ ሐና መሬት ላይ ተቀምጣለች።

«ታንኳዬን ወስደው ነው እንጂ እኔ ቤቴ ነበርሁ፣ ጌታዬ» አለ አበረ። ያመነው አልነበረም።

አንለይ ተንበርክኮ የሟቹን አፍንጫ በመሐረቡ ጠረገ። መሐረቡ ላይ ቀይ ዱቄት ቀረ። የዳርቻው ጭቃ ግን ጥቁር ነው።

«ይህ ምንድን ነው?»

«የሸክላ ዱቄት ነው» አለች የመሐንዲሱ ረዳት ደብረወርቅ፤ ዓይኗ በልቅሶ አብጧል። «ገንዳው ውስጥ የምንበትነው።»

ገንዳው ያለው ጥቂት እርምጃ አለፍ ብሎ፣ ነጋዴው ሙህዲን ድሮ ሸቀጥ ያከማችበት በነበረ መጋዘን ውስጥ ነው። መሐንዲሱ የሐይቁን ዳርቻ በአሸዋ አሳንሶ ሠርቶታል። በአንድ በኩል ወንዙ ይገባል፤ በሌላ በኩል በእጅ የሚገፋ ሳንቃ ማዕበል ያስነሳል። ቀዩ ዱቄት በደለሉ ምትክ ሆኖ ማዕበሉ ወዴት እንደሚገፋው ያሳያል።

«ለምን አስፈለገ?»

«ወንዙ አፍ ላይ የጎርፍ መከላከያ ግድብ ታስቦ ነበር። እሳቸው ግን አይሆንም አሉ። ማዕበሉ ደለሉን መልሶ ግድቡ ሥር ይከምረዋል፤ አፉ ይደፈንና ጎርፉ ይብሳል። ዛሬ ለበላይ ሊያመለክቱ ነበር።»

አንለይ ወደ ሙህዲን ዞረ። «መጋዘኑ ይቆለፋል?»

«ኧረ አሸዋ ማን ይሰርቃል ብዬ! እኔም ደብረወርቅም ሊቀመንበሩም ወጣ ገባ እንልበታለን፤ አበረም አሸዋ ያመላልሳል።»

አንለይ መጋዘኑ ውስጥ ገብቶ ገንዳው ላይ አጎነበሰ። ከውሃው ሥር አሸዋው ተሸብሽቧል። ሽብሽቦቹ የጣት ስፋት አላቸው፤ ከዳር ተነስተውም ወደ ውሃው ይወርዳሉ። አንዱን ጥግ ደለደለና ደብረወርቅን ሳንቃውን አስገፋት። የሆነውን አተኩሮ አየ።

ከዚያ ውሃውን አስፈስሶ አራቱንም ገንዳው ዙሪያ ሰበሰባቸው።

«ማዕበል አሸዋ ላይ የሚተወውን ምልክት በጣታችሁ ሥሩልኝ።»

«የልጅ ጨዋታ ነው?» አለ ቢሻው።

«አጭር ሥራ ነው፣ ጓድ ሊቀመንበር።»

ሙህዲን ሁለት ክብ ነገር ሠርቶ «እኔ የማውቀው ጨርቅና ጨው ነው» ብሎ እጁን አራገፈ። ደብረወርቅ ከዳሩ ጎን ለጎን የሚሄዱ መስመሮች አሰመረች። አበረም እጁ ሲፈታለት እንደሷው አደረገ። ቢሻው ጣቶቹን ዳሩ ላይ ተከለና ቁልቁል ውሃው ወደነበረበት ሳባቸው።

አንለይ ቀና አለ።

«መሐንዲሱ የሞቱት እዚህ ነው። አፍንጫቸው ውስጥ የገባው ሸክላ ሐይቁ ዳር የለም። ገዳዩ ፊታቸውን እዚህ ውሃ ውስጥ ደፍቆ ያዘ፤ ሲታገሉ አሸዋው ተበጠበጠ። ሬሳውን ጎትቶ ታንኳው አጠገብ ከጣለ በኋላ ተመልሶ የፈረሰውን በጣቱ አበጀ። ማዕበል ፊት ለፊት መጥቶ ዳሩን ስለሚመታ ሽብሽቡ ከዳሩ ጎን ለጎን ይተኛል። አሁን ሳንቃውን ስናስገፋም ያየሁት ይህንኑ ነው። ደብረወርቅ ታጠናዋለች፤ አበረ በየቀኑ በባዶ እግሩ ይረግጠዋል። እነሱ ቢሆኑ በትክክል ይመልሱት ነበር። ሙህዲን ጭራሽ አያውቅበትም። እዚህ ያገኘሁት ግን ፈሰስ ነው፤ ዋልካ እርሻ ላይ ውሃ እንዳይተኛ ቁልቁል የሚወጣው ትልም። ከእናንተ መካከል አራሽ አንድ ሰው ነው።»

ቢሻው ጣቶቹ ላይ የቀረውን አሸዋ አየ። አንለይ ሽጉጡን ከወገቡ ሲፈታበት አልተከላከለም።

«ለመንሁት» አለ። «ግድቡን ለሕዝቡ ቃል ገብቻለሁ፣ ዝም በል አልሁት። ባለፈው ክረምት ጎርፉ ልጄን ወስዶብኛል አልሁት። ‹ግድቡ ቢሠራ የሌሎቹንም ልጆች ይወስዳል› አለኝ። ያኔ አንገቱን ያዝሁት።»

«አበረስ ምን አደረገህ?»

«ምንም። ታንኳው ቅርብ ነበር።»

የመኪናው ድምፅ ከመንገዱ በኩል ተሰማ። አበረ ገመዱ የላጠውን እጁን እያሸ ወደ ቢሻው ቀረበ። ድምፁን ከፍ አላደረገም።

«ልጅህን አመተ ሥላሴን ከጎርፉ ፈልጌ ያወጣሁልህ እኔ ነበርሁ። አፈር እንድታለብሳት ብዬ።»

«አውቃለሁ» አለ ቢሻው፤ ቀና ብሎ ሊያየው ግን አልቻለም።