የአዳሙ እርም

ይበልጣል ጠዋት ጠዋት ሱቁን ሲከፍት የሚያደርጋቸው ነገሮች ቅደም ተከተላቸው ተዛብቶ አያውቅም። መጀመሪያ የብረቱን መዝጊያ እያንቋቋ ወደ ላይ ይገፋል፣ ቀጥሎ ጃኬቱን ከበሩ ጀርባ ባለችው ሚስማር ላይ ይሰቅላል፣ ከዚያ ትልቁን የፎቶ ኮፒ ማሽን አብርቶ እስኪሞቅ ድረስ ስልኩን ይከፍታል። ሱቁ ደብረ ብርሃን ውስጥ ካንድ አሮጌ ፎቅ ሥር የተሸጎጠች፣ መስኮት የሚባል ነገር ያልተፈጠረላት ጠባብ ክፍል ናት፤ ከመደርደሪያው ጀርባ እስከ ኮርኒሱ የተቆለለ ወረቀት አለ፣ ከወረቀቱም ጀርባ መብራት የማይደርስበት የአንድ ሰው መቆሚያ ያህል ቦታ። ይበልጣል የሞቀ ወረቀትና የቀለም ሽታ ካልሸተተው ቀኑ የተጀመረም አይመስለው።

በዚህ ሱቅ መታወቂያ ይገለበጣል፣ የሠርግ ካርድ ይታተማል፣ ደግሞም «አፋልጉን» የሚሉ ማስታወቂያዎች ይወጣሉ። የጠፋ ሰው ፎቶ ይዘው የሚመጡትን ዘመዶች እያየ ሆዱ ሲባባ ነው ይበልጣል የቴሌግራም ቡድኑን የከፈተው። በሁለት ዓመት ውስጥ ሃያ ሺህ ሰው ገባበት። ፖሊስ ሆኖ አያውቅም፣ ምርመራም አልተማረም፤ ግን ፎቶ አጉልቶ፣ ቀን ከቀን አመሳክሮ፣ ሁለት ሦስት ሰው እውነትም ስላስገኘ አባላቱ «ኢንስፔክተር» ይሉት ጀመር። መጀመሪያ ላይ ያፍር ነበር። ኋላ ኋላ ግን ስሙ ሳይጠራለት የዋለ ቀን ቅር ይለው ነበር፤ ሰው መቼም ሰው ነው።

አዳሙ የጠፋው ኅዳር አምስት ቀን ነው። የሃያ አራት ዓመት ወጣት፣ ቀይ ዳማ፣ ቡናማ ጃኬት የለበሰ፣ ልጅ ሆኖ ኳስ ሲጫወት ተሰብሮ ነበርና ግራ እግሩን ትንሽ የሚጎትት። ማስታወቂያውን ያተመው ይበልጣል ራሱ ነው። እናቱ እማማ ደብሪቱ ሰባት ወር ሙሉ የበሯን መቀርቀሪያ አልነካችም፤ «ልጄ ሲመጣ አንኳኩቶ ደጅ አይቆምም» ትላለች። ድርሻውንም በየቀኑ ከድና ታስቀምጣለች። ጎረቤት ቁርጥሽን እወቂ፣ አልቅሽና ይውጣልሽ ቢላት፣ «ሳላየው እርሜን አላወጣም» ብላ ድርቅ አለች።

ሰኔ ላይ አንድ አባል ከሆነ ገጽ ያገኘውን ፎቶ ቡድኑ ውስጥ ለጠፈ። ወንዝ ዳር በደረቱ የተደፋ፣ ፊቱ የማይታይ፣ ማንነቱ ሳይታወቅ የተቀበረ ሰው። ጃኬቱ ቡናማ፣ ቀኝ ክርኑ ላይ የተጣፈ። ከፎቶው ጥግ 8/3 የሚል ቁጥር አለ። ይበልጣል ይህን ሲያይ ልቡ ዘለለ፤ ኅዳር ስምንት፣ አዳሙ በጠፋ በሦስተኛው ቀን! በቀይ አክብቦ ለጠፈው። ቡድኑ በጭብጨባ ተናጋ፣ «ኢንስፔክተራችን አንበሳ!» የማይል አልነበረም። ያን ለት ከሰዓት ፎቶውን ይዞ እማማ ደብሪቱ ዘንድ ሄደ።

እሷ ፎቶውን ወደ ዓይኗ አስጠግታ፣ አርቃ፣ እንደገና አስጠግታ አየችው።

«ክሩ ምን ዓይነት ነው?» አለችው።

«ምን አሉኝ እማማ?»

«ክርኑን የጣፍኩለት እኔ ነኝ። ጥቁር ክር አልቆብኝ በሰማያዊ ሰፋሁት። እኔ ዓይኔ አያይም፣ አንተ እይልኝ፤ ሰማያዊ ነው?»

ይበልጣል ፎቶውን በስልኩ አጎላው። የሚታየው ጭቃ የመሰለ ብዥታ ብቻ ነበር። ሃያ ሺህ ሰው መልስ እየጠበቀ ነው፣ አሮጊቷም እየጠበቀች ነው፤ ደግሞስ ከሰባት ወር በኋላ ማን ሊሆን ይችላል?

«ሰማያዊ ነው እማማ። እርምዎን ያውጡ።»

ያን ጊዜ የጮኸችው ጩኸት ከጆሮው አልወጣም። ድንኳን ተጣለ፣ ሦስት ቀን ተለቀሰ፤ በፍሬም የተቀመጠውን የአዳሙን ትልቅ ፎቶ ያተመው ይበልጣል ነበር። በሦስተኛው ቀን ማታ ሰው ሲበተን እማማ ደብሪቱ የልጇን ድርሻ ለመጨረሻ ጊዜ ከመሶቡ አውጥታ ለነዳይ ሰጠች፣ በሯንም ቀረቀረች።

ሐምሌ በገባ በሳምንቱ ፀዳለ ደወለች። አዳማ መድኃኒት ቤት የምትሠራ፣ ቡድኑ ውስጥ ብዙ የማትናገር፣ ከተናገረች ግን ነገር የማትስት ሴት ናት።

«ይበልጣል፣ ያቺን ቀን በየትኛው አቆጣጠር ነው ያነበብካት?»

«በኛው ነዋ! ኅዳር ስምንት።»

«የካሜራ ቀን እኮ በፈረንጅ ነው የሚወጣው። ማርች ስምንት ማለት ነው። ፎቶውን ያነሳውን ሰውዬ ፈልጌ አገኘሁት፤ አምና የካቲት ሃያ ዘጠኝ ነው አለኝ። አዳሙ ያኔ የትም አልጠፋም፣ እናቱ ቤት ነበር።»

ማሽኑ ከጀርባው ባዶ ወረቀት እየተፋ ነበር።

«ሂድና ንገራት» አለች ፀዳለ። «በናትህ ዛሬውኑ ንገራት። አልቅሳ በሯን ዘግታለች፤ ልጁ ቢመጣስ?»

«ነገ እነግራቸዋለሁ» አለ። ስልኩን እንደዘጋም ፎቶውን ከቡድኑ አጠፋው። በማግስቱ ዝናብ ነበር፣ አልሄደም። በሦስተኛው ቀን ሥራ በዛብኝ አለ። እውነቱን እንናገር ከተባለ ፈርቶ ነው፤ ያቺ አሮጊት ዓይን ዓይኑን እያየች «ታዲያ ክሩስ?» ብትለው ምን ይመልሳል?

በዚያው ሳምንት ሱቁ ውስጥ አንድ ድምፅ ሰማ። ዝናቡ ቆርቆሮውን እየወቀጠ፣ ጉሙ እስከ ሱቁ ደፍ ድረስ ወርዶ፣ ቀኑ ገና አራት ሰዓት ሳይሆን መሽቶ የመጣ ይመስል ነበር፤ በዚህ ሁሉ መሐል ከወረቀቱ ቁልል ጀርባ አንድ እርምጃ፣ ቀጥሎ ሲሚንቶ ላይ የሚጎተት ነገር፣ እንደገና አንድ እርምጃ፣ እንደገና ጉትት። አይጥ ነው አለ ለራሱ። መጥረጊያ ይዞ ዞሮ ሲያይ ማንም የለም፤ ሲሚንቶው ላይ ግን እርጥብ መስመር ነበር፣ የወንዝ ጭቃ የሚሸት።

በማግስቱ ከበሩ ጀርባ ያለችው ሚስማር ላይ፣ ከሱ ግራጫ ጃኬት ሥር፣ ሌላ ጃኬት ተሰቅሎ አገኘ። የራሰ ነው፣ ጠብ ጠብ ይላል። ደንበኛ ረስቶት ይሆናል ብሎ ለማንሳት እጁን ሲሰድ ቅዝቃዜው ከጣቱ እስከ ትከሻው ወጣና እጁን መለሰ። ከሰዓት ሲያይ ሚስማሩ ላይ የራሱ ብቻ ነበር።

ከዚያ ቡድኑ ውስጥ ፎቶዎች ይመጡ ጀመር። መጀመሪያ አንዱ አባል ከመናኸሪያ የጀርባ ፎቶ ላከ፤ ቡናማ ጃኬት የለበሰ ሰው፣ «ይሄ አዳሙን አይመስልም?» ብሎ። ሌሎቹ ተቆጡት፣ ለቅሶ የተደረሰበትን ሰው ምነው አታሳርፈውም አሉት። በሁለተኛው ቀን ከገበያ ሌላ ፎቶ መጣ። በሦስተኛው ቀን የመጣው ግን የይበልጣልን የራሱን ሱቅ የሚያሳይ ነበር፤ ቡናማ ጃኬት ያለው ሰው ግራ እግሩ ገና ውጭ ቀርቶ ወደ ውስጥ ሲገባ። «ዛሬ አምስት ሰዓት ላይ» ይላል ከሥሩ። ይበልጣል አምስት ሰዓት ላይ ሱቁ ውስጥ፣ ፊቱን ወደ በሩ አዙሮ ተቀምጦ ነበር። ማንም አልገባም።

ለምሳ ቤቱ ሲሄድ እናቱ ወይዘሮ አምሳለ ሰሃን እያጠበች ነበር።

«ምነው፣ የረሳኸው ነገር አለ?» አለችው።

«ምሳዬን ልበላ ነዋ እማዬ።»

«ቅድም በልተህ አልወጣህም እንዴ? ደግሞ ዛሬ እንዴት ጥርግ አድርገህ እንደበላህልኝ!» ብላ ሳቀች። እንዲህ ስትስቅ ካያት ቆይቷል። ይበልጣል እሷን ላለማስደንገጥ አብሮ ሳቀ። የታጠበው ሰሃን ጠርዝ ላይ የጭቃ ጣት አሻራ ቀርቶ ነበር።

ያን ለት አልጋው ላይ ሆኖ ቆረጠ፤ ነገ ሄጄ እነግራታለሁ፣ ትርገመኝ፣ ታዋርደኝ፣ በሯ ብቻ ይከፈት።

በነጋታው ስድስት ሰዓት ላይ ሱቁን ሊዘጋ ሲል መብራት ጠፋ። ማሽኑ አቃስቶ ዝም አለ፣ ጨለማው ከወረቀቱ ጀርባ ወጥቶ ክፍሉን ሞላው፣ ከዚያው ጨለማ ውስጥ ያ እርምጃ መጣ፤ አንድ፣ ጉትት። አንድ፣ ጉትት። አጠገቡ ደርሶ ቆመ። የሰው ትንፋሽ ማጅራቱን ነካው፣ የወንዝ ሽታ ያለው፣ የቀዘቀዘ። ይበልጣል ዞር አላለም። ሚስማሩን በዳበሳ አግኝቶ ጃኬቱን መዥረጥ አድርጎ ወጣ፣ ዝናቡ ውስጥ እየተጣደፈ ለበሰው።

ጎረቤቱ ፀጉር አስተካካዩ ዘሪሁን ደጁ ላይ ቆሞ ዝናቡን ያያል።

«ይበልጣልን ፈልገህ ነው?» አለው። «አሁን ለምሳ ወጣ፤ ትንሽ ጠብቀው።»

ሌላ ቀን ቢሆን ቀልዱን በቀልድ ይመልስለት ነበር። ዛሬ ግን አልፎት ሄደ። ግራ እግሩ ከጠዋት ጀምሮ ደንዝዞ ነበርና ጭቃው ላይ እየጎተተው ነበር የሚሄደው፤ መንገዱም ከወትሮው ረዘመበት።

የእማማ ደብሪቱ በር ዝግ ነው። አንኳኳ። ደግሞ አንኳኳ። መቀርቀሪያው ተነሳና በሩ ትንሽ ገርበብ አለ፣ ጥቁር የለበሰችው አሮጊት ብቅ አለች። ደካማ ዓይኖቿን ፊቱ ላይ ተከለች፣ አልጮኸችም፣ አልደነገጠችም። እጇን ዘርግታ ቀኝ ክርኑን ያዘች፣ ጣቶቿም ጨርቁ ላይ አንድ ነገር ፈለጉ፣ አገኙትም፣ ስፌቱን እየቆጠሩ ሄዱ።

ይበልጣል ወደ ክርኑ ጎንበስ ብሎ አየ። ጃኬቱ ቡናማ ነበር። ክሩ ሰማያዊ ነበር።

«መጣህ?» አለችው ቀስ ብላ።

«እማማ፣ እኔ እኮ ይበልጣል ነኝ! ልነግርዎት የመጣሁት...»

«እሱ ነው ቁርጥህን የነገረኝ። እግዜር ይስጠው፣ አሳረፈኝ።» እንባዋ ዝም ብሎ ይወርዳል። «ልጄ፣ ያንተን እርም እኮ አወጣሁ። አልቅሼ ጨረስኩ። አሁን ብትመጣ በየት በኩል ላስገባህ? ሂድ፣ እረፍ።»

በሩ ተዘጋ፤ መቀርቀሪያውም ሲወርድ ሰማ። ይበልጣል በእርጥብ ጣቱ ስልኩን አውጥቶ እናቱ ጋ ደወለ። ቶሎ አነሳችው። ከጀርባዋ የሰሃን ድምፅ ይሰማል፣ አንድ ሰውም ጠግቦ ሲስቅ፣ ይበልጣል በደንብ የሚያውቀውን የራሱን ሳቅ።

«እማዬ!» አለ። «እማዬ፣ ይበልጣል ነኝ!»

ወይዘሮ አምሳለ ለማያውቁት ሰው በሚሆን ትሕትና፣ «ተሳስተው ነው መሰለኝ፤ ይበልጣል ይኸው አጠገቤ ምሳውን እየበላ ነው፣ ማን ልበል?» አለችው።