የሰኞው ባዶ ሳጥን

ንድፍ ሠሪዋ ከሥራ ክፍሏ በሚወርደው ደረጃ ሥር ሞታ ተገኘች። ያገኛት ባሏ ነው፤ ዳቦ ጋጋሪ ስለሆነ ሌሊቱን ሲሠራ አድሮ ቅዳሜ ማለዳ ሲመለስ፣ ለቁርሷ ያመጣላት ዳቦ ገና ትኩስ ነበር። እሱ በሩ ላይ ቆሞ ሲጮህ የመነጽር ቤቱ ማስታወቂያ በየሰው ስልክ ላይ ብቅ አለ፤ ቀጥሎ የጫማ ቤቱ፣ ቀጥሎ የጥርስ ሐኪሙ። ሁሉም የእሷ ሥራ ነበሩ። የሚቀጥሉትን ቀናት ፖስቶች ዓርብ ዓርብ አዘጋጅታ መርሐ ግብር ውስጥ ታስገባቸዋለች፤ ፕሮግራሙም በየሰዓታቸው ይለቃቸዋል። ለፕሮግራሙ መሞቷን የነገረው አልነበረም።

ጎረቤቶች «አዳልጧት ነው» አሉ። ሐኪሙ ግን የግራ እጇ አንጓ ላይ የጣት ምልክት አየ። ከመውደቋ በፊት አንድ ሰው አጥብቆ ይዟት ነበር።

ስለዚህ እሑድ ዕለት መርማሪው ተጠራ። ጥያቄውን በጠብታ በጠብታ ስለሚጠይቅ ባልደረቦቹ «ጠብታ» ይሉታል። ፊት ለፊት አይሉትም፤ እሱ ግን ያውቃል፣ ደስም ሳይለው አይቀርም። ጉልበቱን ስለሚያመው ያንን ደረጃ እያማረረ ወጣ።

ክፍሉ ውስጥ ሁለት ጠረጴዛዎች ፊት ለፊት ተቀምጠዋል። አንዱ የሟቿ፣ አንዱ የጓደኛዋ ነው። ይህች ጓደኛዋ የማስታወቂያዎቹን ቃላት የምትጽፍ፣ ከልጅነት ጀምሮ ያልተለየቻት ናት። የሟቿ እናት የልጃቸው ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። ጸሐፊዋ እግራቸው ሥር ተንበርክካ እጃቸውን ይዛለች። እሳቸውን ደግፎ የያዛቸው እሷ ብቻ ነበረች።

ጠብታ በመጀመሪያ ባልየውን ወደ ጓዳ ወሰደው።

«ላፕቶፗን ማን መክፈት ይችላል?»

«ሁላችንም። ፓስዎርዱን ቢጫ ወረቀት ላይ ጽፋ ኪቦርዱ ሥር ለጥፋዋለች። ስንቴ ነገርኳት።»

«ተጣልታችሁ ነበር?»

ባልየው ዱቄት የተጣበቀበትን ጥፍሩን አየ። «እኔ ስገባ እሷ ትነሣለች፤ እሷ ስትተኛ እኔ እወጣለሁ። አንድ ቀን ‹ለጊዜው ብንለያይስ› ብላ ጻፈችልኝ። አልላከችውም፤ ማስታወሻዋ ውስጥ አለ፣ አይቼዋለሁ።»

«ለምን አላጠፋኸውም?»

«እሷ የጻፈችውን እንዴት አጠፋለሁ?» አለና እንባው መጣ።

ጠብታ እስኪረጋጋ ጠበቀው። «መርሐ ግብሯ ላይ ባዶ ቀን ትታ ታውቃለች?»

«ባዶ ሳጥን አትወድም፣ ‹ሰው ይረሳናል› ትላለች። ሥራ ሲጠፋ የእኔን ዳቦ ፎቶ ትለጥፍበታለች።» ፈገግ አለ። «አላማረም ስላት ‹አንተ ብቻ ጋግር› ትለኛለች።»

ጠብታ ብቻውን ሆኖ ላፕቶፑን ከፈተ። መርሐ ግብሩ ላይ ደንበኛው ሁሉ የየራሱ ቀለም አለው፤ ሳምንቱ በቀለም ተሞልቷል። የሰኞ ጠዋት ሳጥን ብቻ ነጭ ነበር። ይህንን ለማንም ሳይናገር ላፕቶፑን ዘጋው።

ሁለተኛው የመነጽር ቤቱ ባለቤት ነበሩ፤ ላብ በላብ ሆነው መጡ።

«ዓርብ ማታ እዚህ ነበሩ፣ ጋሼ?»

«ነበርኩ። ጮኼባታለሁም። ‹ሎጎዬን አሳድጊው› አልኳት፣ አሳደገችው። ‹ትንሽ ጨምሪበት› አልኳት።»

«ምን አለችዎ?»

«‹ጋሼ፣ ከዚህ በላይ ካደገ ያለ መነጽር ይታያል፤ ገበያዎን ሊዘጉ ነው?›» ሰውየው ሊስቁ ጀምረው አፈሩ። «ስወጣ ደረጃው ድረስ ሸኘችኝ።»

«‹ዋጋሽን ታገኛለሽ› ብለው ጽፈውላታል።»

«ጽፌያለሁ። ምነው እጄን በቆረጠው።»

በመጨረሻ ጸሐፊዋን ጠየቃት። ዓይኗ አብጦ፣ ድምፅዋ ተዘግቶ ነበር።

«ዓርብ ማታ መጥተሽ ነበር?»

«አሞኝ ቤቴ ተኝቼ ነበር።»

«እንግዲህ ደንበኞቹ እንዳይጎዱ የዚህን ሳምንት ሥራ ማን ይሠራዋል?»

«እሷው ጨርሳዋለች። ከሰኞ ጠዋት በቀር የጎደለ የለም።»

ጠብታ አመስግኗት ወጣ። ደረጃው አጋማሽ ላይ ሲደርስ ቆመ። ጉልበቱ አልነበረም ያቆመው። በዚያ ቤት ውስጥ እናትየውን የሚያጽናና ሌላ ሰው እንደሌለ አስቦ አዘነ።

ሰኞ ጠዋት ሁሉንም እዚያው ክፍል ሰበሰባቸው። እናትየው የጸሐፊዋን እጅ እንደያዙ ነው።

«ዓርብ ማታ አንድ ሰው ከእሷ ጋር ነበር» አለ ጠብታ። «ከወደቀች በኋላም ይህን ላፕቶፕ ከፍቷል። ፕሮግራሙ የተሰረዘ ፖስት የሚያስቀምጥበት ቅርጫት አለው፤ መቼ እንደተሰረዘም ይናገራል። የሰኞው ፖስት የተሰረዘው፣ ሐኪሙ ሞታለች ካለበት ሰዓት በኋላ ነው።»

ጠብታ ላፕቶፑን ከፈተ።

«ሰው የሚያጠፋው የሚከስሰውን ነው። የጋሼ ዛቻ ግን እንዳለ አለ። ባልየውን የሚያስጠረጥረው ማስታወሻም አልተነካም። የጠፋው ማንንም የማይከስስ ነገር ነው። እዩት።»

ስክሪኑን አዞረላቸው። ሁለቱ ጠረጴዛዎች ፊት ለፊት ሆነው የተነሡት ፎቶ ነው። ከሥሩ እንዲህ ይላል፦ «ከዛሬ ጀምሮ ይህ ድርጅት የሁለት እኩል ባለቤቶች ነው። ያነበባችኋቸውን ቃላት ሁሉ የጻፈችው ከፊቴ የምትቀመጠው ጓደኛዬ ናት። እኔ ቀለም ነው የቀባሁት።»

«አየሽ ልጄ» አሉ እናትየው የጸሐፊዋን እጅ እየሳሙ፤ «አየሽ እንዴት እንደምትወድሽ?»

ጸሐፊዋ ዓይኗን ወደ ወለሉ ጣለች።

ጠብታ ጉሮሮውን ጠረገ። ቢቻለው ኖሮ እዚያ ላይ ያቆም ነበር። «ሌላ ሰው ይህን የሚያጠፋበት ምክንያት አጣሁለት። ይህን ምስጋና ማየት የማይችል፣ ምስጋናው የተጻፈለት ሰው ብቻ ነው። ያ ሰው ትላንት ‹ከሰኞ ጠዋት በቀር የጎደለ የለም› አለኝ። ሟቿ ሳምንቱን የሞላችው ዓርብ ከሰዓት በኋላ ነው። ጸሐፊዋ ግን ያን ቀን ከቀትር በፊት ከሁሉም ፕሮግራም ተሰርዛለች፤ በራሷ ስልክ ልታየው አትችልም። ሰኞ ባዶ መሆኑን ያየችው ራሷ ባዶ ስታደርገው ነው።»

እናትየው ቀስ ብለው ወደ ጸሐፊዋ ዞሩ።

«ፕሮግራሙ ሁሉ አንድ በአንድ ተዘጋብኝ» አለች ጸሐፊዋ ወለሉን እያየች። «የሥዕሉ፣ የመርሐ ግብሩ፣ የድርጅቱ ኢሜይል። ‹የዚህ ቡድን አባል አይደለሽም› ይለኛል። ስንት ዓመት አብሬያት ሠርቼ! ዓርብ ማታ መጥቼ ‹ለምን?› አልኳት። ሳቀች። ‹እስከ ሰኞ ታገሺኝ› አለች። ሰኞ ሌላ ሰው የምታስገባ መሰለኝ። ደረጃው ላይ እጇን ያዝኳት፤ ‹ልቀቂኝ› ስትል ገፋኋት። ልገድላት አይደለም። ከዚያ… ማንን እንደተካችብኝ ለማየት ከፈትኩት።»

«ያየሽውም ራስሽን ነው» አለ ጠብታ። «ሆድ ለባሰው ማጭድ አታውሰው ይባላል፤ አንቺን ሆድ ያስባሰሽ ግን የማሽን አሠራር ነው። ፕሮግራሙ ረዳትን በቀጥታ ባለቤት አያደርግም። መጀመሪያ ከረዳትነት ያወጣሽና በባለቤትነት እንደ አዲስ ይጋብዝሻል። ግብዣው ዓርብ ዕለት ተልኮልሻል።»

«አልደረሰኝም።»

«በግል ኢሜይልሽ ስፓም ውስጥ እይው።»

ስልኳን አወጣች። በማታውቃቸው ነጋዴዎች ቅናሽና በሎተሪ ማጭበርበሪያ መካከል ወረደች። የጓደኛዋን ስም አገኘችው። ያልተነበበ ነበር።

«ልጫነው?» ስትል ጠየቀች።

ጠብታ እንዲህ ያለ ነገር መፍቀድም መከልከልም ሥራው አልነበረም። ተጫነችው። ገጹ ተከፈተ፤ ፕሮግራሙ ለማንም አዲስ ገቢ የሚለውን ለእሷም አላት፦ «እንኳን ደህና መጣሽ። የጋበዘችሽ ባልደረባ እየጠበቀችሽ ነው።»

ስልኩ ከእጇ ወደቀ። ያነሣው ባልየው ነበር፤ አንብቦ ጠረጴዛው ላይ በፊቱ ደፋውና ወደ ግድግዳው ዞረ።

እናትየው እጃቸውን ከእጇ አላላቀቁም ነበር። አሁን ጣቶቻቸውን አንድ በአንድ አወጡ፤ የተኛ ሕፃን እንዳይነቃ እንደሚደረገው ቀስ ብለው። ግድግዳው ላይ ወደተሰቀለው የቀን መቁጠሪያ አዩ፤ ከዚያ ወደ እሷ።

«እስከ ሰኞ ነው ያለችሽ» አሉ። «ይኸው ሰኞ ሆነ እኮ፣ ልጄ።»