ቀድሞ የሚያልፍ ሰው

ምትኩ ያን ቀን አፉን ቢይዝ ኖሮ ምሳውን በልቶ ወደ ኤስካቫተሩ ይመለስ ነበር።

ሀይሌ ጋርመንት አካባቢ ካለች ትንሽ ምግብ ቤት ተቀምጧል። ከጎኑ አንዲት ልጅ ሽሮዋን ትታ ወረቀት ላይ አፍጥጣለች። ፎቁ ላይ ካለው የትርጉም ቢሮ የምትሠራ፣ ፌኔት የምትባል ናት። ባልደረባዋ ጆኒ ያበሽቃታል።

«‹ማረጋገጥ› ብለሽ እለፊውና ብይ እንጂ! ሽሮው በረዶ ሆነ።»

«ምኑን ነው የሚያረጋግጡት? ወረቀቱ ስለ ፈንጂ ነው። መንገዱ ጸዳ ይላል፤ ቀጥሎ ‹ፕሩፊንግ› ይላል። ከጸዳ በኋላ ምን ቀረ?»

«ቀድሞ የሚያልፍበት ሰው» አለ ምትኩ።

ሁለቱም ዞሩ። አፈረ።

«ይቅርታ። ወታደር ቤት መሃንዲስ ክፍል ነበርኩ። ፈንጂ ያለበት መሬት ላይ መተላለፊያ ይከፈታል። ተከፈተ ተብሎ ግን ጦር አይነዳበትም። መጀመሪያ አንድ ሰው ከባድ መኪና ይዞ ከጫፍ እስከ ጫፍ ያልፍበታል። የተረሳ ፈንጂ ካለ በእሱ ላይ ይፈነዳል። ከሌለ ሌላው ይከተላል። ቃሉ ይኸው ነው።»

ፌኔት እስክሪብቶዋን አስቀመጠች።

«ያ ሰው እንዴት ይመረጣል?»

ምትኩ የውሃ ብርጭቆውን አነሳ፤ አልጠጣም።

«አዛዡ ያውቃል» አለ።

በማግስቱ ያንኑ ጠረጴዛ ይዛ ጠበቀችው። ከዚያ ወዲያ ምሳ ለብቻ አልተበላም። ማታ ማታ ብስራተ ገብርኤል ወዳለው ቤቷ ይሸኛታል። አቧራውን ከትከሻው ላይ በመዳፏ ታራግፍለታለች፤ እሱ ዓይኑን መሬት ላይ ይጥላል። መንገዱ ሲጠብ ሁልጊዜ እሷን ያስቀድማል። ጨዋነት መስሏት ነበር።

ክረምቱ ሲገባ አንድ አመሻሽ በራቸው አጠገብ ቆመች።

«አባባ ‹ሽማግሌ የማይልክ ሰው ምን ያደርግልሻል› አለኝ።»

ምትኩ የጃኬቱን ዚፕ እስከ አንገቱ ሳበ።

«ሌላ ሴት አለች?»

«የለችም።»

«ታዲያ ምንድነው?»

«ሚስት አለኝ ብዬ ነበር።»

እጇ ከክንዱ ላይ ወረደ። «ሚስት?»

«አልነበረችኝም። ያ ቀድሞ የሚያልፍ ሰው ሲፈለግ ሁለት ሾፌሮች ነበርን፤ እኔና ነጋ። አዛዡ ‹ያገባ ይቅር› አለ። እጄን አወጣሁ። ነጋ ‹ሳትጠራኝ አገባህ? ስመለስ ድግሴን ትከፍላለህ› እያለ፣ እየሳቀ መኪናው ላይ ወጣ።»

«ሞተ?»

«እግሩን አጣ። መካኒሳ አቦ ሞባይል ይጠግናል። በዚያ ሳልፍ ታክሲ ውስጥ አንገቴን አዞራለሁ። አንቺን ሳይ ደግሞ በእሱ እግር የገዛሁሽ ይመስለኛል፣ ፌኔ።»

ፌኔት አላለቀሰችም።

«ለእኔ መንገር ቀላሉ ነው» አለች። «ለእሱ ሳትነግር እንዳትደውልልኝ።»

በሩን በቀስታ ዘጋችው።

ነጋ ከጠባቧ ሱቁ ውስጥ አንድ ስልክ ፈታትቶ አጎንብሷል። ቀና ሲል ፊቱ በራ።

«አንተ! ሞተሃል ብዬ እርሜን ላወጣ ነበር እኮ! ግባ! ሚስትህ እንዴት ናት?»

ምትኩ አልተቀመጠም። ቆሞ ተናገረ፤ ምንም አላስቀረም።

ከነጋ እጅ መፍቻው ወደቀ። ማንም አላነሳውም።

«የድሮ ጓደኛ ባገኘሁ ቁጥር ‹የምትኩ ሚስት ወለደች?› ብዬ እጠይቅ ነበር» አለ ነጋ። «ሆስፒታል ተኝቼ፣ አንዲት ሴት ባሏ ተረፈላት እያልኩ ነበር የምጽናናው። አሁን እሷንም ወሰድክብኝ።»

«ይቅር በለኝ ለማለት አልመጣሁም።»

«አትበል። ዛሬ ይቅር የሚልህ ሰው እዚህ የለም።»

ውጪ አንድ ረዳት ተሳፋሪ ይጣራል። ነጋ ጎንበስ ብሎ መፍቻውን ራሱ አነሳ።

«ማን ገፍቶህ መጣህ?»

«አንዲት ልጅ። ካልነገርከው አትደውልልኝ ብላ።»

«ትወዳታለህ?»

«እወዳታለሁ።»

«ምን ትጠብቃለህ ታዲያ? እኔ በአንድ እግሬ አግብቻለሁ፤ አንተ በሁለቱ ቆመህ ቀረህ።» ሊስቅ ፈልጎ አልሆነለትም። «ስማ። ያን ቀን ሚስቱ ጋ ይመለስ ብዬ ነው የሄድኩት። እንግዲህ ሚስት ይኑርህ። ያለዚያ እግሬ ለማንም አልሄደም። ሽማግሌ ሆኜ የምሄደው እኔ ነኝ። አባቷ ስለ አንተ ከጠየቁኝ ግን አልዋሽልህም።»

«አትዋሽ» አለ ምትኩ።

እሑድ ሌሊቱን የዘነበው ዝናብ የፌኔትን ሰፈር ቅያስ ጭቃ አድርጎታል። ሰው በየቦታው ድንጋይ ጥሎበታል። ከነጋ ጋር የተላኩት ሁለት ሽማግሌዎች ቀድመው ገብተዋል። አግቢው ከሽማግሌ ጋር አይሄድም፤ ምትኩ ነጋን እስከ በሩ ሊያደርስ ብቻ ነበር የመጣው።

ነጋ ጭቃው ዳር ቆመ። ሰው ሠራሽ እግሩን አየ፤ ድንጋዮቹን አየ።

«ቅደም» አለው።

ምትኩ ቀደመ። አንዱን ድንጋይ ረገጠ፤ ክብደቱን ጣለበት፤ ወደሚቀጥለው ተሻገረ። ሦስተኛው ተንሸራተተና ጭቃው እስከ ጉልበቱ ዋጠው። በእጁ ፈልጎ ሌላ ድንጋይ ተከለበት፤ ላዩ ላይ ቆመበት።

ፌኔት በበሩ ክፍተት ታያለች። ሁልጊዜ እሷን ሲያስቀድም የኖረው ሰው ፊት ፊት ይመጣል።

«ይይዛል?» አለ ነጋ ከኋላ።

«ይይዛል።»

ምትኩ እጁን ዘረጋለት። ነጋ እጁን አልያዘም። ምትኩ የረገጠውን ድንጋይ ግን ረገጠ።