የወፍጮ ቤቱ ጡብ

ጋሽ ስለሺ ቶሮንቶ ውስጥ፣ በሀምበር ወንዝ ዳር ካለው አሮጌ ወፍጮ ቤት ሥር በአፍጢማቸው ተደፍተው ሞተው ተገኙ። አጠገባቸው አንድ ጡብ ወድቋል። ከበላያቸው፣ ግንበኛው ያዕቁብ በዋዜማው የጠገነው ግድግዳ የአንድ ጡብ ቀዳዳ ከፍቶ ቁልቁል ያያል።

ያዕቁብ ይህን ካየ ወዲህ እህል አልቀመሰም። ጄን ኤንድ ፊንች ሰፈር ካለው አፓርትመንቱ ሳይወጣ ሦስት ቀን ሙሉ እጆቹን ሲያይ ሰነበተ። ጋሽ ስለሺ ያን ቤት አስራ አንድ ዓመት የጠበቁ፣ በቅርስነት እንዲመዘገብ ደጅ ሲጠኑ የኖሩ፣ ለእሱም እንደ አባት የሆኑ ሰው ነበሩ። በአራተኛው ቀን «እኔ ነኝ የገደልኳቸው» ብሎ ለፖሊስ ደውሎ፣ ቃሉን ሊፈርም ጃኬቱን ሲያጠልቅ በሩ ተንኳኳ።

የኢንሹራንስ መርማሪዋ ወይዘሮ ጸሐይወርቅ ነበሩ።

«ከመፈረምህ በፊት ልጄ፣ ጡቡን ያያያዝከው በምንድን ነው?»

«በኖራ ነዋ፣ እትዬ። አሮጌ ጡብ ሲሚንቶ አይወድም፤ ይሰነጥቀዋል። ጋሽ ስለሺ ሲሚንቶ ይዤ ቢያዩኝ በዱላ ነበር የሚያባርሩኝ።»

«ቤቱ በሙሉ በኖራ ነው?»

«ቦይለር ክፍሉ ሲቀር። እሱን ከእኔ በፊት በሲሚንቶ አበላሽተውታል።»

ሴትየዋ ወደ በሩ ዞሩ። «በል ተነስ። የምትፈርመው የለም።»

ወፍጮ ቤቱ ሲደርሱ አንድ ፖሊስ፣ አስጎብኚዋ ሜሮንና የሕንፃው ባለቤት ወኪል አቢይ ይጠብቋቸው ነበር።

«ሙት ወቃሽ አያድርገኝ» አለ አቢይ፣ «ግን ይህ ቤት ሰው እስኪገድል መጠበቅ ነበረብን? አሁንማ እኛ ይፍረስ ስንል የኖርነውን ሲቲው ራሱ ዲሞሊሽ ያደርገዋል።»

«ሶሪ፣ ግን ደስ ያለህ ትመስላለህ» አለችው ሜሮን።

«አንቺስ የት ነበርሽ?»

«ባስ ውስጥ! አርባ ቱሪስት ይመስክርልኝ።»

«ሾፌሩን ጠይቄዋለሁ፤ እውነቷን ነው» አሉ ጸሐይወርቅ። «ጋሽ ስለሺ የዚያን ዕለት ምን አሉሽ?»

«ጠዋት ኮል አደረጉልኝ። ከቦይለሩ ጀርባ ዓመተ ምሕረት የተቀረጸበት የመሠረት ድንጋይ አገኘሁ አሉ። በደስታ ሊያለቅሱ ነበር። ‹አሁን ማን ያፈርሰዋል! ለአቢይ ላሳየው ነው› አሉኝ።»

«ለእኔ ምንም አላሳዩኝም» አለ አቢይ ቶሎ ብሎ።

ጸሐይወርቅ ለፖሊሱ ምልክት ሰጡት። በላስቲክ የታሸገውን ጡብ ከፍ አድርጎ አሳያቸው። ያዕቁብ ዳርና ዳሩ ላይ የተጣበቀውን ግራጫ ቅርፊት ሲያይ ወደ ፊት ተጠጋ።

«ይሄ... የእኔ አይደለም። የእኔ ኖራ ነጭ ነው።»

«አይደለም» አሉ ጸሐይወርቅ። «ግራጫው ሲሚንቶ ነው፤ ጡቡ ከቦይለር ክፍሉ የመጣ ነው። ጋሽ ስለሺ የተመቱት እዚያ ነው፤ ከዚያ እዚህ ድረስ ተጎተቱ። ቀጥሎ ኖራው ገና ካልጠነከረው ግድግዳ አንድ ጡብ ተነቅሎ ወንዝ ገባ።»

«ተረት ነው! ጡብ ያው ጡብ ነው!» ሲል ጮኸ አቢይ።

«ስህተትህ ይኸው ነው። ያዕቁብ ቢሆን እንዲህ አይሳሳትም። ደግሞ የክፍሉ ቁልፍ ሁለት ብቻ ነው። የጋሽ ስለሺ ውስጥ፣ ድንጋዩ አጠገብ ወድቆ ተገኝቷል፤ በሩ ግን ከውጭ ተቆልፎ ነበር። የቀረው ቁልፍ ያንተ ነው፣ አቢይ። በአንድ ጡብ ሰውየውንም ቤቱንም ልትገድል፤ ይሄን ልጅ ደግሞ በቁሙ።»

አቢይ ደረጃው ላይ ዘፍ አለ። «ስለ ድንጋዩ ዝም ይበሉ ብዬ ለመንኳቸው» አለ። «ሳቁብኝ።»

ፖሊሱ ይዞት ሲሄድ ያዕቁብ መወጣጫው ላይ ወጣ። አዲስ ኖራ እርጥብ ጆንያ ለብሶ ቀናት መቆየት አለበት፤ በየጠዋቱ ውሃ የሚያርከፈክፉለት ጋሽ ስለሺ ነበሩ። አራት ቀን ማንም አላስታወሰውም። ጆንያውን ገልጦ ግድግዳውን ሲነካው ኖራው በጣቶቹ መሃል እንደ ዱቄት ረገፈ።

«እንዴት ነው?» አሉ ጸሐይወርቅ ከታች።

«ሞቷል፣ እትዬ።»

እዚያው እንደቆመ ስቅስቅ ብሎ አለቀሰ። ከዚያ በእጁ የመጀመሪያውን ጡብ ነቀለ፤ የሞተውን ኖራ በእጅጌው ጠረገለት፤ ባልዲውንም አንስቶ ውሃ ሊቀዳ ወረደ።