በይመር ኮምፒውተር የታጠረ ቤት

ሰይፉ ከሰዓት በኋላ ሻዩን ይጠጣል፣ ብርጭቆውን አለቅልቆ ይደፋል፣ ከዚያ ከሳሎኑ መስኮት ስር ካለችው ወንበር ላይ ተደላድሎ ባሕር ዳር ለምታስተምረው ልጁ ለትርሲት ይደውላል። ሚስቱ ካረፈች ወዲህ በዚህች ምድር የቀረችለት ዘመድ እሷ ናት። ፊቷ ስልኩ ላይ ብቅ ሲል «አባዬ፣ በላህ?» ትለዋለች፤ ባይበላም በላሁ ይላታል። ወሩ ነሐሴ ነው። ደሴን በነሐሴ የኖረባት ያውቃታል፤ ጉሙ ከጦሳ ተራራ ተንሸራቶ ይወርድና ቀትሩን ያጨልመዋል፣ የጎረቤት አጥር ከዓይን ይሰወራል፣ የረጠበ አፈርና የከሰል ሽታ በበር ስር ገብቶ ልብስ ላይ ይከርማል። ሰይፉ ይህን ሁሉ ለምዶታል።

አንድ ቀን ትርሲት እየሳቀች፣ አንዲት ቃል ሳይጽፍ የላከላት ፎቶ የምን እንደሆነ ጠየቀችው። ስታሳየው ፒያሳ የነበረው የድሮ ሱቃቸው በር ነው፤ ገርበብ ብሎ፣ ውስጡ ጨለማ። ሰይፉ እንዲህ ያለ ፎቶ አልላከም፣ ኖሮትም አያውቅም። በሌላው ቀን ደግሞ ከእሱ ስም የወጣ ባዶ መልእክት ደረሳት። ሰይፉ የኮምፒውተር ሰው ነውና ነገሩ ወዲያው ገባው፤ አንድ ሌባ በቤቱ ኢንተርኔት ሾልኮ ገብቷል። ዛሬ ፎቶ የላከ ነገ ምን እንደሚልክ ሲያስብ ፈራ።

ለምን እንደፈራ ደብቀን አንዘልቅምና እንናገረው። ሱቁ የሁለት ሰው ነበር፤ የሰይፉና የይመር። ኮምፒውተር እየጠገኑ ዓመታት ከአንድ ትሪ በልተዋል፣ ትርሲትም በልጅነቷ ከአባቷ ይልቅ «ጋሼ ይመር» ጉልበት ላይ መቀመጥ ነበር የሚቀናት። ሰይፉ ግን ክፉ አመል ነበረበት፤ ለጥገና የመጣ ኮምፒውተር ከፍቶ የሰው ገመና ይጎረጉራል፣ ጎርጉሮም አይበቃው፣ ያወራል። አንድ ጊዜ የአንድ የተከበረ ቤት ጉድ ከዚያ ሱቅ ወጥቶ ከተማውን አዳረሰ። ትዳር ፈረሰ፣ ሽማግሌ ተቀመጠ። ያወጣው ማነው ሲባል ሰይፉ ዓይኑን በጨው አጥቦ ይመር ሲቀዳ በዓይኔ አይቻለሁ አለ። ይመር ቢምል ቢገዘት ማን ይስማው! ሰው ሰላምታ ነፈገው፣ እጮኛው ተወችው፣ ቤቱን ዘግቶ ተቀመጠና ከስቶ ከስቶ ሞተ።

ቀብሩ ላይ ደግሞ ሰይፉ ከዚያ የባሰ ሠራ። በሙስሊሙ ወግ አስከሬኑ ላይ ጀናዛ ከመሰገዱ በፊት የሟች ዘመድ ወደ ሕዝቡ ይዞርና፣ እሱ ላይ ሐቅ ያለው ካለ ይጠይቀን፣ በክፉ የነካው ካለም አውፍ ይበለው ይላል። ወሎ አይደል፣ ክርስቲያኑም አብሮ ቆሟል። ሰይፉ ከፊት ነበር፤ አንገቱን ሰበር አድርጎ፣ ከሁሉ ጎላ ባለ ድምፅ «አውፍ ብዬዋለሁ» አለ። በዳይ ተበዳዩን ይቅር አለው፣ ይህን ጉድ ምን ይሉታል! ሕዝቡም ሆደ ሰፊ ነው ብሎ አመሰገነው። አፈሩ ሲመለስ ግን የቃሬዛው እንጨት ቀጭ ሲል የሰማ መስሎት ዞር ብሎ እንዳየ ያስታውሳል።

ትርሲት ከዚህ ሁሉ የምታውቀው ጋሼ ይመር ታሞ መሞቱን ብቻ ነው። እውነቱን ብትሰማ ዳግመኛ «በላህ?» እንደማትለው ሰይፉ አሳምሮ ያውቃል። ስለዚህ ቤቱን ሊያጥር ተነሣ። የሙያው ሰዎች ፋየርዎል ይሉታል፤ አንድ አሮጌ ኮምፒውተር በኢንተርኔቱና በቤቱ መሀል ይቆምና እንደ በር ጠባቂ የሚገባ የሚወጣውን ይመረምራል። የሰው ገመና ሲበትን የኖረ ሰው ለራሱ ገመና አጥር ሠሪ ሆነ ማለት ነው።

ዕቃ ቤት ውስጥ፣ ከከሰል ጆንያው ጀርባ፣ ሱቁ ሲዘጋ ያመጣው ኮምፒውተር ነበር። የይመር ነው። ሰይፉ ለዚህ ደንታ አልነበረውም፤ ብረት ብረት ነው አለና ተሸክሞ ሳሎን አስገባው። ክዳኑን ሲያነሳ ግን አቧራው ሳይሆን የቅርንፉድ ሽታ ነው አፍንጫውን የመታው፤ ይመር ቅርንፉድ ከጉንጩ አይለይም ነበር። ሰይፉ አስነጠሰው፣ ዕቃውን በብሩሽ ጠረገ፣ ሃርድ ዲስኩን ነቅሎ ጣለና የፋየርዎሉን ፕሮግራም በፍላሽ ጫነበት። ሁለት የኔትወርክ ካርድ ሰካ፤ የውጭውን ገመድ በቀይ ፕላስተር፣ የቤቱን በነጭ ጠቀለለው። ሕጉን ራሱ ጻፈለት፤ ከቤት የሚወጣ ይለፍ፣ ከውጭ የሚመጣ ይቁም። ሲያበራው ማራገቢያው እንደ አስም በሽተኛ ሲር ሲር እያለ ተነሣና ሳሎኑን ሞቅ ባለ የቅርንፉድ ትንፋሽ ሞላው።

ለትንሽ ጊዜ ሁሉም ሰላም ሆነ። ፎቶም፣ ባዶ መልእክትም ቀረ፤ ሰይፉ ሌባውን ባገኘው ጣቱን በፒንሳ እንደሚሰብረው እያሰበ በልቡ ይፎክር ጀመር። ከዚያ ድምፁ መጣ። በማራገቢያው ሲር ሲር መሀል፣ ከብረቱ ሆድ፣ አንድ ሰው የሙስበሃ ፍሬ እንደሚቆጥር ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ ይላል። አሮጌ ሃርድ ዲስክ እንደዚህ እንደሚያደርግ ማንም ጠጋኝ ያውቃል፤ ሰይፉም ሻዩን ሳያቋርጥ ሲሰማው ቆየ። ብርጭቆውን ሊያስቀምጥ ሲል ዲስኩን በገዛ እጁ እንደነቀለው ትዝ አለው። ክዳኑን ከፍቶ በባትሪ ሲያይ ዲስኩ የነበረበት ቦታ ባዶ ነው፤ ድምፁ ግን ከዚያው ከባዶው ቦታ ይመጣል።

በማግስቱ ነጩ ገመድ በቀዩ ቦታ፣ ቀዩ በነጩ ቦታ ተሰክቶ አገኘው። እርጅና ነው ብሎ ራሱን ገሠጸና መለሳቸው። ከሻይ በኋላ ዞር ብሎ ቢያይ እንደገና ተዛውረዋል። ቤቱ ውስጥ ከእሱ በቀር ሰው የለም፣ በሩም ከውስጥ ተቀርቅሯል። ሕጉ ያው እሱ የጻፈው ሕግ ነው፤ ግን ገመዱ እንዲህ ከተሰካ ውጭ የሚባለው የሰይፉ ቤት ነው፣ የሚከለከለውም ሰይፉ ነው።

ያን ቀን ትርሲት ስልኩን ያነሳችው ዘግይታ ነው። ዓይኗ በለቅሶ አብጧል። ትናንት ያወራትን ስታሰላስል እንቅልፍ በዓይኗ ሳይዞር እንዳደረች፣ ነገሩ ቢከብዳትም ደፍሮ ስለነገራት እንደምታከብረው በለሰለሰ ድምፅ ነገረችው። ሰይፉ ትናንት አልደወለም። ምን ነገርኩሽ ብሎ ሊጠይቅ አፉን ሲከፍት ምስሏ ደረቀ፣ መስመሩም ተቋረጠ። ከዚያ በኋላ ቢደውል ቢደውል አልገባለት አለ።

በዚያው ሰዓት የሰፈሩ መብራት ጠፋ። ሳሎኑ በጉም ተሸፍኖ ደነገዘ፣ ማቀዝቀዣውም ጸጥ አለ። የይመር ኮምፒውተር ግን ሲር ሲር ማለቱን አላቆመም። ሰይፉ የኤሌክትሪክ ገመዱን ነቀለው፤ እጁ ላይ ተንጠልጥሎ ቀረ እንጂ ማራገቢያው ወይ ፍንክች። ተንበርክኮ ጆሮውን ብረቱ ላይ አስጠጋ። ድምፅ ማጉያ ከሌለው ከዚያ ሣጥን ውስጥ፣ ራቅ ብሎ፣ የልጁ ድምፅ ይሰማል። ከእሷ ጋር የሚያወራው ሰው ድምፅ የራሱ የሰይፉ ነው፤ ሳሉ እንኳን አልቀረም።

«ይመር እኮ አውፍ ሳይለኝ ነው የሞተው፣ ልጄ» ይላል ድምፁ፣ ረጋ ብሎ። «ከእንግዲህ አንቺ ጋ ነው የምኖረው።»

«ና አባዬ፣ ና በቃ» ትላለች ትርሲት እያለቀሰች።

ሰይፉ መዶሻ አነሣ። ንዴቱ ፍርሃቱን በልጦት ነበር፤ ሙት ሆነህም አልተውከኝም እያለ እየተሳደበ ክዳኑን አጣመመው፣ ካርዶቹን ሰባበረ፣ ማራገቢያውን ረገጠው፣ የተረፈውን በጆንያ አድርጎ ከቤቱ ጀርባ ካለው ገደል አፋፍ ወረወረው። ሲመለስ ትኩሳት ጣለውና በማግስቱ ከአልጋ ሳይወርድ ዋለ። በሳልስቱ ግን ቤቱ የእርጥብ አፈር ሽታ ብቻ ነው ያለው፤ ሰይፉም ተገላገልኩ አለ። ስልኩ አሁንም አልሠራ ስላለው በጉሙ ውስጥ አጥር አጥሩን እየዳሰሰ ወደ ጎረቤቱ ወደ እትዬ ዘምዘም ሱቅ ሄደ። የሚላትን መንገድ ላይ አሰናድቷል። እትዬ ዘምዘም ምን ነካህ፣ ፊትህ እንዲህ አመድ የመሰለው ብላ አፍጥጣ እያየችው ስልኳን ሰጠችው።

ትርሲት አነሳች።

«ልጄ፣ እኔ ነኝ» አላት። «አንድ በእኔ ድምፅ የሚያወራሽ ሰው አለ። እኔ አይደለሁም። ስለ ይመር የነገረሽ ሁሉ ውሸት ነው፣ እንዳታምኚው።»

ከወዲያ ማዶ በር የተዘጋ፣ ወንበር የተሳበ መሰለው። ስትመልስለት ድምጿ እየተንቀጠቀጠ ነበር፤ ቁጣ ግን አልነበረበትም፣ በልጅነቷ ትወደው የነበረን ሰው እንደምታባብል ነበር የምትናገረው።

«በሰው ስልክ ይደውልልሻል ብሎኝ ነበር» አለችው። «ጋሼ ይመር፣ አባዬ ትናንት ማታ ገብቷል፣ ይኸው አጠገቤ ተቀምጦ ምሳ እየበላ ነው፤ ሁለተኛ በእሱ ድምፅ እንዳትደውልልኝ።»